ማሻሻያ የተደረገበትን ቀላል አውሮፕላን በሕጋዊ የበረራ ብቁነት ላይ ማቆየት

የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት የሚጸናው አውሮፕላኑ ከጸደቀው ንድፍ ጋር እስከተጣጣመና ይዞታው ለበረራ አስተማማኝ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ስለዚህ ሞተር፣ ፕሮፔለር ወይም ሬዲዮ ከመቀየርዎ በፊት ማሻሻያው አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑንና ማጽደቂያው የእርስዎን ሞዴልና መለያ ቁጥር የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለት ማሻሻያዎች ለየብቻቸው ስለጸደቁ ብቻ አብረው ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ በእኔ ግምት በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው።

ሥራው ሲያበቃ ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ የተሠራውን ሥራ፣ የተከተለውን ሰነድና ቀኑን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ አስፍሮ ይፈርማል። ክብደቱና የስበት ማዕከሉም እንደገና ይሰላሉ፤ ለምሳሌ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ ከስሌቱ መነሻ (ርቀቶች ከሚለኩበት ነጥብ) 3 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ጅራቱ አካባቢ ቢገጠም፣ 15 ኪሎ ግራም ሜትር ሞመንት (ክብደት በርቀት ሲባዛ የሚገኘው) ስለሚጨምር የስበት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኮምፓሱ አጠገብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከተገጠመ፣ ኮምፓሱ ተፈትሾ የንባብ ስህተቱን የሚያሳየው የማረሚያ ካርዱ ይታደሳል። ከማሻሻያው ጋር የመጣ የበረራ መመሪያ ተጨማሪ ካለ ከዋናው መመሪያ ጋር አውሮፕላኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲያ የማሻሻያው የጥገና መመሪያ በጥገና ፕሮግራሙ ውስጥ ይካተታል፤ አስገዳጅ የብቁነት መመሪያዎችን (ለደህንነት አስጊ ጉድለት ሲገኝ ባለሥልጣኑ የሚያወጣቸውን ትእዛዞች) ሲፈትሹም የአውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን በኋላ የተገጠሙትን የሞተር፣ የፕሮፔለርና የመሣሪያዎች መመሪያዎች ጭምር ይመልከቱ።