ሽንት ሲያቃጥል ምን ማድረግ አለብዎት? ከኪኒን በፊት ናሙና

ሲሸኑ ካቃጠለዎት፣ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ጠብ ጠብ ብሎ ከቀረ፣ ከእምብርት በታች ካመመዎት የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ይጠርጥሩ። ብዙ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ይተወዋል። መንስኤው ግን ባክቴሪያ ነው፤ በአብዛኛው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ከብልት ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ።

ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ ወይም ከጎድን በታች የጀርባ ሕመም ከተጨመረ ኩላሊት ተነክቶ ይሆናልና ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ ወንድ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ምልክቱ ቀላል ቢመስልም ሐኪም ማየት አለበት።

አንቲባዮቲክ ከመዋጥዎ በፊት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ሽንት ይስጡ። ቀድመው ከዋጡ ባክቴሪያው በምርመራ ላይታይ ይችላል። እጅዎን ይታጠቡ፤ ብልትዎን በንጹሕ ውኃ ከፊት ወደ ኋላ ያጽዱ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ መጸዳጃው ያፍስሱ፤ ሳያቋርጡ የመሃሉን በዕቃው ይቀበሉ፤ የቀረውን ይተዉት። የዕቃውን አፍና የክዳኑን ውስጥ አይንኩ። ከቤት ቀድተው በባጃጅ ይዞ መምጣት አይመከርም፤ ሽንት ሙቀት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያው ይራባና ውጤቱ ያሳስታል።

መድኃኒቱን ሐኪሙ ይወስናል። ለፊኛ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይን ነው፤ በአብዛኛው ለ5 ቀን፣ ከምግብ ጋር። ሽንትን ቡናማ ቢያደርግ አይደንግጡ። ኩላሊት ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይደርስ ትኩሳት ላለው ሰው አይሆንም፤ መውለጃዋ ለደረሰ እናትም አይሰጥም። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ ግን እባክዎ ይቅር፦ ኢ. ኮላይ በብዛት ተላምዶታል።

ውኃ ይጠጡ። ቡና ፊኛን ስለሚያስቆጣ፣ የጅማ ሰው ቢከብደውም፣ እስኪሻልዎት ይቀንሱት። ሽንት አይያዙ፤ ከግንኙነት በኋላም ይሽኑ። ሕመሙ ቢቀልም የታዘዘልዎትን ይጨርሱ። ከ2 እስከ 3 ቀን ካልተሻለዎት ወይም ከተመላለሰብዎት የሽንት ካልቸር እንዲሠራልዎት ይጠይቁ፤ ለዚህ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሊልኩዎት ይችላሉ። ካልቸሩ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድል ይለያል፤ ውጤቱም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል።