ጀርመን ለመማር ስትመጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከሻንጣው እስከ ፈተናው

ጀርመን ሊማር የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ፈርቶ ይነሳል፤ ብርዱንና ቋንቋውን። ለብርዱ ጃኬት አለ። ማስተርሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቋንቋውም ቀስ እያለ ይመጣል። ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው ሌላ ቦታ ነው። አገር ቤት የፈተና ቀን ቢጠፋባችሁ የክፍሉ ሪፕ ቴሌግራም ላይ ይጽፍላችኋል። ምግቡን ካፌው ያበስላል። ወረቀት ቢጎድል የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ጀርመን ግን ማንም አያስታውሳችሁም። ደብዳቤ ይላካል፣ ቀኑ ያልፋል፣ አለቀ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ቅቤና ቋንታ ሻንጣ ውስጥ መክተት

እናቶች ይህን ምክር አይሰሙም። «ልጄ ምን ሊበላ ነው?» ብለው ቅቤውን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው ልብስ መሀል ይሸጉጡታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንታ፣ ተሠርቶ የመጣ ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ጉምሩክ ላይ ሻንጣው ከተከፈተ ይወሰዳል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ማር ግን ለራስ የሚሆን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ይህን ለእናት መንገር ትንሽ ያጽናናል።

ኪሎውን ለደረቅ ቅመም ስጡት። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሱፐርማርኬት ውስጥ አታገኟቸውም። ቀይ ምስር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ግን በየሠፈሩ ያለው የቱርክ ሱቅ ሞልቶታል፤ ለእነሱ ሻንጣ አታጣብቡ። ቅቤውም እዚያው ይነጠራል። ጨው የሌለበት 250 ግራም ቅቤ ከሱፐርማርኬት ግዙ። በትንሽ እሳት አቅልጡት፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ጣል አድርጉበት፤ አረፋውን እየገፈፋችሁ ጠብቁትና አጥልሉት። የእናት ቅቤ አይሆንም። ሽሮ ላይ ሲገባ ግን ልዩነቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም።

ሽንኩርት እያቁላሉ የኩሽናውን በር መክፈት

የተማሪ መኖሪያ ኮሪደር ጣሪያው ላይ የጭስ ጠቋሚ አለው። እኛ ደግሞ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እስኪጠይም እናቁላላለን። በርበሬው ሲገባ ኩሽናው ይታፈናል። ሳል የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው በሩን ነው። ጭሱ ኮሪደር ይወጣል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ የሕንፃው ሰው በሙሉ በፒጃማ ደጅ ይሰለፋል። ደወሉ በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘበት ሕንፃ ከሆነ መኪናው ከተፍ ይላል። ወጪውንም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሩን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ እሳቱን ቀንሱ። በርበሬው ከመግባቱ በፊት ጠብ የምትል ውኃ ጨምሩ፤ በርበሬ ደረቅ ብረት ካልነካ ያን ያህል አያስለቅስም። ጠቋሚውን በፌስታል ሸፍኑት የሚል መካሪ ይኖራል፤ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ከዚህ የሚሻለው ግን በየቀኑ አለማቁላላት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩሽናው ባዶ ሲሆን፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ትልቅ ድስት ሙሉ ቁሌት ሥሩ። ሽንኩርቱ ከግማሽ በታች እስኪወርድ አትቸኩሉ፤ የተማሪ ወጥ ጥሬ ሽንኩርት የሚሸተው እዚህ ላይ ስለሚቸኮል ነው። ሲበስል በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ማክሰኞ ማታ ከላይብረሪ ደክሟችሁ ስትመለሱ አንዱን ዕቃ ድስት ላይ ገልብጡት፣ የታጠበ ቀይ ምስር ጨምሩበት፣ ሃያ ደቂቃ ቢበዛ ነው። ለፈተና ሰሞን ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። የጋራ ኩሽና ውስጥ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ማማሰያ የሰው ነው። በርበሬ አንዴ ከያዘው አይለቅም። የራሳችሁን የእንጨት ማማሰያ ግዙ።

ያለ እንጀራ አልጠግብም ብሎ ድርቅ ማለት

እንደ ፍራንክፈርት ባሉ ከተሞች የሀበሻ ሱቅ እንጀራ ይሸጣል። በተማሪ ኪስ ግን በየቀኑ አይሆንም። ጤፉን ከሩዝ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ መጋገር የተለመደ ነው። በክረምት ሊጥ አልነሳ ካለ ችግሩ ዱቄቱ አይደለም፤ ክፍሉ ቀዝቅዞ ነው። ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጡትና አንድ ቀን ጨምሩለት።

ለምሳ ግን ሜንዛ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ማለት ነው። «የፈረንጅ ምግብ አይስማማኝም» ብሎ ሜንዛን ዘሎ በየቀኑ ዶነር የሚበላ ተማሪ በወሩ መጨረሻ ኪሱ ይራቆታል። የተማሪ ካርዳችሁን ያዙ፤ ካለዚያ የሚከፈለው የእንግዳ ዋጋ ነው፣ ብዙ ይበልጣል። ጾም ላይ ደግሞ ቪጋን የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ቬጀቴሪያን የሚለው አይበቃም፤ ወተት፣ አይብና እንቁላል አለበት። ዐቢይ ጾምን በሽሮና በዳቦ ብቻ የሚገፋ ተማሪ ሜንዛ ውስጥ የጾም ምግብ መኖሩን ሳያውቅ ፋሲካ ይደርሳል።

አስቤዛን ለእሁድ ማቆየት

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። የባቡር ጣቢያ ውስጥ ካሉትና ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ማታ ፍሪጁን እዩት። ሱቅ ስትሄዱ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአብዛኛው የፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ ላይ ስትገዙ የከፈላችሁት 25 ሳንቲም ማስያዣ አለ፣ ማሽኑ ይመልስላችኋል። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል። ጋዝ ያለበት ውኃ በስህተት ከገዛችሁም አምቦ ነው ብላችሁ ጠጡት።

ፖስታ ሳጥኑ ላይ ስም አለመለጠፍ

ይህ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ጣጣ የሚያመጣ ስህተት ነው። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው ቢሮ ሄዳችሁ አድራሻ ታስመዘግባላችሁ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ከዚያ በኋላ የባንክ ካርዱ፣ የግብር ቁጥሩ፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ፖስተኛው የሚያየው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ነው። የሚፈልገውም ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሰፈረውን፣ ማለትም የአባት ወይም የአያት ስም ነው። የኛ ልጅ «አቤል» ብሎ ብቻ ይለጥፋል፣ ደብዳቤው ተመልሶ ይሄዳል፣ አቤል ባንኩን ይራገማል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም እንዳለ ጻፉት።

የመጣውን ደብዳቤ ደግሞ ክፈቱት። አድራሻ ካስመዘገባችሁ በኋላ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ይደርሳችኋል። በወር 18.36 ዩሮ ነው። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። የሚከፈለው በቤት እንጂ በሰው አይደለም፤ አንድ አፓርታማ የምትጋሩ ከሆነ አንዱ ከከፈለ ለሌሎቹም ይበቃል። ማስታወቂያ መስሏችሁ መሳቢያ ውስጥ ከከተታችሁት ግን ዕዳው እየተጠራቀመ ይከተላችኋል።

ቲኬት አለኝ ብሎ የመጣው ባቡር ላይ መውጣት

ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የወር የመጓጓዣ ቲኬት በግንቦት 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ49 ዩሮ ተጀመረ። በ2025 58፣ በ2026 ደግሞ 63 ዩሮ ሆነ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው በቅናሽ ከሴሚስተሩ ክፍያ ጋር ያካትቱታል። በዚህ ቲኬት ከአንድ የአገሪቱ ጫፍ እስከ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ ግን በአካባቢ ባቡሮች፣ በከተማ ባቡርና በአውቶቡስ ብቻ። አይሲኢ የተባለው ነጩ ፈጣን ባቡር ውስጥ አይገባም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ «ተማሪ ነኝ» ማለት አይሠራም፤ ቅጣቱ ቢያንስ 60 ዩሮ ነው። ቲኬቱ በስም ስለሆነ መታወቂያም አብሮ ይያዝ።

ለረጅም መንገድ ቀደም ብሎ የሚገዛው ርካሽ ቲኬት የተጻፈበት ባቡር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ባቡሩ ከዘገየና መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚያዘገያችሁ ከሆነ ግን ሌላ መሳፈር ትችላላችሁ። አንድ ሰዓት ከዘገያችሁ የከፈላችሁት ሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግማሹ ይመለሳል። የጀርመን ባቡር ደግሞ ይዘገያል፤ የሰዓት አክባሪነቱን ዝና ሰምቶ የመጣ ሰው ቶሎ ያርመዋል። ይህን ገንዘብ የሚጠይቅ ሀበሻ ግን እምብዛም አላይም።

ከሀበሻ ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሥር ሰዓት ተባብሎ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት ጣቢያ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሳይመዘገቡ ለፈተና ማጥናት

አገር ቤት ኮርሱን ከተመዘገባችሁ ፈተናው አብሮ ይመጣል። ጀርመን ለኮርሱ መመዝገብና ለፈተናው መመዝገብ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለፈተናው በፖርታሉ ላይ ራሳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ የመጨረሻ ቀን አለው፣ ቀኑ ካለፈ ፕሮፌሰሩም ቢያዝንላችሁ ሊረዳችሁ አይችልም። ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የፈተና ቢሮውን ገጽ ፈልጋችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሙሉት። ዛሬ ነገ አትበሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዝምታው ነው። ሚድ የለም፣ ኩዊዝ የለም፣ ከአሥር የሚታሰብ አሳይመንት ብዙ ጊዜ የለም። በብዙ ኮርሶች ውጤቱ በሙሉ የሚወሰነው በመጨረሻው አንድ ፈተና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ማንም ስለማይጠይቃችሁ ነፃ የሆናችሁ ይመስላችኋል። የካቲት ላይ አምስት ፈተና በሁለት ሳምንት ይወርድባችኋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና ቢበዛ ሦስቴ ያስፈትናሉ፤ ሦስተኛው ላይ መውደቅ ከትምህርቱ መሰናበት ሊሆን ይችላል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ነው። የድሮ ፈተናዎችን የየዲፓርትመንቱ የተማሪዎች ማኅበር ይሰበስባል፤ ፋህሻፍት ይባላል። ሄዶ መጠየቅ ያሳፍራል ብሎ የሚቀር ሀበሻ ብዙ ነው። እነሱ ግን እዚያ የተቀመጡት ለዚሁ ነው። በፈተናው ቀን ከታመማችሁ ደግሞ ዕለቱኑ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ወረቀት ያዙ፤ ካለዚያ እንደ ወደቃችሁ ይቆጠራል።

ውጤቱን ለቤተሰብ ስትናገሩም ተጠንቀቁ። ጀርመን 1.0 ከሁሉ የበለጠ ውጤት ነው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፣ 5.0 መውደቅ ነው። «4.0 አመጣሁ» ብላችሁ ደውላችሁ እልልታ ቢቀልጥ ማስረዳቱ የናንተ ፈንታ ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ሥራ ማብዛት

ለቪዛው ብላችሁ አስቀድማችሁ ገንዘብ ካስያዛችሁበት ዝግ ሂሳብ የሚለቀቀው በወር 992 ዩሮ ነው፤ በዓመት 11,904። የቤት ኪራዩ ሲነሳለት የሚተርፈው ያሳስባል። አገር ቤት ደግሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ስለዚህ ብዙዎች ከመጡ በወራቸው መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይይዛሉ። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል፤ ቀኑን መቁጠር ያለባችሁ እናንተው ናችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተማሪ ረዳትነት የሚሠራ ሥራ ከዚህ አይቆጠርም፣ ለሲቪም ይጠቅማል፣ ኃላፊውም ፈተና ሲደርስ ይገባዋል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በቆጠቡት ገፍቶ ከዚያ ይህን ሥራ መፈለግ ይሻላል እላለሁ። ቤተሰብም ስድስት ወር ቢታገስ ምንም አይሆንም።

የመኖሪያ ፈቃዱን ቀን ሳያዩ አገር ቤት መሄድ

ፈቃዱ ካላችሁ ፓሪስም ዙሪክም ያለ ሌላ ቪዛ ትሄዳላችሁ፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ለንደን ግን ሌላ ቪዛ ይፈልጋል። ለክረምት እረፍት አዲስ አበባ ከመብረራችሁ በፊት ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ማመልከቻው ደግሞ ካርዱ ከማብቃቱ በፊት መግባት አለበት። ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን ውጭ መቆየትም ፈቃዱን ሊያሳጣ ይችላል። ዶይችላንድቲኬቱን ራሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ሰርዙት፤ ካለዚያ እናንተ ቦሌ ሆናችሁ እሱ ይቆርጣል። ፖስታ ሳጥኑን የሚያይላችሁ ጓደኛ ቁልፉን ይያዝ፣ የማመልከቻውን ማረጋገጫ ኢሜይልም አትማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡት።