ቦይለሩን ከመሙላታችሁ በፊት መርፌውን አንብቡት

ጠዋት ተነስታችሁ ቤቱን የሚያሞቀውን ራዲያተር ስትነኩት በረዶ ሆኗል። የቦይለሩ የውሃ ግፊት መለኪያ መርፌም ዜሮ ላይ ተኝቷል። አዲስ ለገባ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ውሃ ብቻ ነው።

ቦይለሩ የሚያሞቀው ውሃ በቧንቧ ራዲያተሮቹን ዞሮ ይመለሳል። ያው ውሃ ነው ደጋግሞ የሚዞረው። ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሰሞኑን የራዲያተር አየር አስወጥታችሁ ከሆነ ግን ምክንያቱ እሱ ነው፤ አንዴ ሞልታችሁ እርሱት። ማሞቂያው ቀዝቅዞ ሳለ መርፌው ከ1 እስከ 1.5 ባር (ግፊት የሚለካበት አሃድ) ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ወደ 2 ቢጠጋም አትደንግጡ።

እኔ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት በመሙላት ነው። ከቦይለሩ ሥር ያለውን የመሙያ ቱቦ ቫልቭ እከፍታለሁ፣ መርፌው ሲነሳ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ጀግና የሆንኩ ይመስለኛል። ለካ እየጎዳሁት ነበር። አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማሞቂያውን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በመመሪያው መሠረት 1.2 አካባቢ ሙሉ። የመሙያውን ቫልቮች በደንብ ዝጉ። መርፌውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ሳታበሩት አሳድሩና ጠዋት እንደገና አንሱት።

ቀዝቅዞ እያለ ከወረደ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ። በየራዲያተሩ ቫልቭ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። ወለል ላይ ውሃ አላየሁም ብላችሁ አትዘናጉ። ቧንቧው ሲሞቅ ጠብታው እዚያው ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ነው።

ሌሊቱን ሳይወርድ አድሮ፣ ስታበሩት ወደ 3 ባር ከሄደና ሲበርድ ዜሮ ከገባ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። በብዛት የሚጠረጠረው የማስፋፊያ ታንኩ ነው። ታንኩ ውስጥ በጎማ የተለየ አየር አለ፤ ውሃው ሲሰፋ ቦታ የሚለቅለት እሱ ነው። አየሩ ካለቀ ወይም ጎማው ከተቀደደ ውሃው መሄጃ ያጣል። ያኔ ሴፍቲ ቫልቩ 3 ባር ላይ ተከፍቶ ውሃውን በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ይደፋዋል። ማሞቂያው በርዶ ሳለ የዚያን ቧንቧ ጫፍ በፌስታል ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ውሃ ከተጠራቀመበት ሌባው ተያዘ። የፈላ ውሃ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ከሥሩ አታድርጉ።

የቦይለሩን ክዳን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ጋዝ ያለበት ነገር ፈቃድ ላለው ባለሙያ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ፎቶዎቹን አያይዛችሁ በጽሑፍ ንገሩት። በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል።

እኔ ጋ የመጣው ባለሙያ የማታውንና የጠዋቱን ፎቶ ጎን ለጎን አየ። ቦይለሩን አልነካውም። ቀጥታ ሳሎን ገብቶ ሶፋውን ሳበው። ከኋላው ያለው የራዲያተር ቫልቭ አረንጓዴ ለብሷል፣ ከሥሩ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ሶፋ ላይ ነበር ብርድ ልብስ ተከናንቤ የምቀመጠው።