አዲስ አበባ ለመግባት ላሰባችሁ

ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ አዲስ አበባ ልትገቡ ነው? መጀመሪያ ከቀበሌያችሁ መሸኛ አውጡ። ያለሱ አዲስ መታወቂያ ማውጣት ፈተና ነው። ለካሸርነት ወይም ለስቶር ኪፐርነት የምታመለክቱ ከሆነ ዋስ አምጡ መባላችሁ አይቀርም፤ ደመወዝተኛ ዘመድ ካላችሁ ከአሁኑ አናግሩት።

ቤቱን ግን ፎቶ ብቻ አይታችሁ ቀብድ እንዳትልኩ! ጥቂት ቀን ዘመድ ጋ አርፋችሁ በእግራችሁ ፈልጉ። ግቢው ውስጥ በርሜልና ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ተከራዮቹን ጠይቁ። አከራይማ «ኧረ ሁሌም አለ» ነው የሚሉት። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ከተባላችሁ ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት መሆን አለበት፤ አስመዝግቡት።