የጋራዡ ማዕዘን መቁረጫ ሲያስቸግር መጀመሪያ መቆሚያውን ጠርጥሩ

ደሴ ላይ ግቢ ውስጥ ያለ ጋራዥ መኪና ካደረበት ዕድለኛ ነው። አንዱ ጥግ ቡፌ ይገጣጠማል፣ በር አጠገብ ብረት ይበየዳል፣ ከኋላ ደግሞ ባለቤቱ የጠፋ ዕቃ ተከምሯል። እንዲህ ባለ ብዙ ሰው የሚሠራበት የጋራ ቤት ማይተር ሶ (ማዕዘን መቁረጫው ማሽን) ሲያስቸግር ሁሉም ማሽኑን ይሰድባል። አብሽሩ፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው መቆሚያው ላይ፣ ወለሉ ላይ ወይም ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ዘንድ ነው።

"45 ላይ ቆርጬ ማዕዘኑ አልገጥም አለኝ"

አራት ማዕዘን ፍሬም 8 የተቆረጠ ጫፍ አለው። እያንዳንዱ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት መጨረሻው ላይ 4 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ የማሽኑን ቀስት አትመኑት።

ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ሰፋ ያለ ጣውላ 0 ላይ ቁረጡ። ከሁለቱ ቁራጭ አንዱን በጀርባው ገልብጡት። ከዚያ ሁለቱንም መደገፊያው (እንጨቱ ከኋላ የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ብረት) ላይ አስጠግታችሁ የተቆረጡትን ጫፎች አገናኙ። ክፍተት ከታየ፣ የምታዩት የስህተቱን እጥፍ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የመደገፊያውን ብሎኖች አላሉ፣ በስኳድራ አስተካክሉና መልሳችሁ አጥብቁ። ስኳድራው የዲስኩን አካል ይንካ እንጂ ጥርሱን አይንካ። ጥርሶቹ ወደ ጎን ወጣ ስለሚሉ ያሳስቷችኋል።

በስኳድራ ልክ ሆኖ ሲቆረጥ ብቻ የሚዛነፍ ከሆነ፣ ክንፉ (ከማሽኑ ግራና ቀኝ ረጅም እንጨት የሚያርፍበት ጠረጴዛ) ላይ የመታችሁትን መደገፊያ እዩ። ከማሽኑ መደገፊያ 1 ሚሊ ወደ ፊት ከወጣ እንጨቱን ይገፋዋል፣ እንጨቱም ይዞራል። 2 ወይም 3 ሚሊ ወደ ኋላ መልሱት። ክንፍ ላይ ያለ መደገፊያ ሥራው ገደቡን፣ ማለትም የእንጨቱ ጫፍ ልኩ ላይ እንዲቆም የሚያደርገውን ማቆሚያ፣ መሸከም ብቻ ነው።

"ረጅም ሞራሌ ስቆርጥ ዲስኩ ይያዛል"

ክንፎቹ ከማሽኑ ጠረጴዛ ከፍ ብለዋል ማለት ነው። እንጨቱ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ቁርጡ ከላይ ይዘጋና ዲስኩን ይነክሰዋል። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ነው። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲያወጣ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ማሽኑን ለብቻ፣ ሁለቱን ክንፍ ለየብቻ እግር ሰጥታችሁ ካቆማችሁ፣ በያጁ ቦታ ፈልጎ አንዱን ገፋ ባደረገ ቁጥር ከፍታው ይፈርሳል።

መፍትሄው ሦስቱንም አንድ ፍሬም ላይ ማሰር ነው። ፍሬሙን ገና ካልደረቀ ባህር ዛፍ አትሥሩት። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል። እኔ ብሆን በቱቦላሬ ነው የማሠራው። የጋራ ቤት ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፤ በያጁ አጠገባችሁ ነው። እግሮቹ ሥር ረጅም ብሎን ከነዳዶው ይግባ፣ የወለሉን ዝንባሌ በእሱ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ ሲባጎ ወጥራችሁ ከክንፍ እስከ ክንፍ እዩ። ልክ ማድረግ ካቃታችሁ ክንፉ ከፍ ከሚል በፀጉር ታህል ዝቅ ቢል ይሻላል።

የክንፉ ገጽ ችፑድ ከሆነ ጠርዞቹን ቀለም ቀቡ። የደሴ ክረምትና ጉም ያልተቀባ ጠርዝ ያሳብጣል፣ ያበጠው ጠርዝ ደግሞ መልሶ እንጨቱን ያነሳዋል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚረዳ ይህ ችግር ቀለል ይላል።

መቆሚያው ልክ ሆኖም ዲስኩ ከተያዘ እንጨቱ ራሱ ጎብጦ ይሆናል። የጎበጠውን ጎን ወደ መደገፊያው አዙሩና በሞርሳ እሰሩት። በሚቆረጥበት መስመር ላይ ከጀርባው ክፍተት መኖር የለበትም።

"ትናንት 60 የነበረው ዛሬ 59.8 ሆነ"

ገደቡ ጥግ ላይ ሰጋቱራ ተጠራቅሟል፣ ወይም ሰው ነክቶታል። የገደቡን የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ሸርፉት፣ ሰጋቱራው እዚያ ይግባ። ሌላው ምክንያት ዲስክ መቀየር ነው። ውፍረቱ ከተለየ፣ ክንፉ ላይ የለጠፋችሁት ሜትር 0ው ይሸሻል።

በጋራ ቤት "ማን ነካው?" ብሎ መጨቃጨቅ አያዋጣም። ልክ 50 ሳንቲም የሆነ ደረቅ እንጨት ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ማንም ሥራ ሲጀምር ገደቡን 50 ላይ አድርጎ አንድ ቁራጭ ይቁረጥ፣ ከተሰቀለው ጋር ያስተያይ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

"ማሽኑ ይደክማል፣ እንጨቱን ያቃጥላል"

1,800 ዋት ማሽን በ220 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ማራዘሚያ ይህን አይችልም። 2.5 ሚሊ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ጥቅልሉንም ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ከብየዳው ጋር በአንድ መስመር አትሥሩ። ኃይሉ ደህና ሆኖ የሚያቃጥል ከሆነ ዲስኩ ደንዝዟል፣ ወይም የጽድ ሙጫ ይዞታል። ነቅላችሁ በሞቀ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ለማዕዘን ሥራ 24 ጥርስ ያለው ዲስክ አይሆንም፤ ባለ 10 ኢንች ከሆነ 60 ወይም 80 ጥርስ ፈልጉ። ሞተሩ ብልጭታ እያበዛ የሚቆራረጥ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል።

"ሰጋቱራው ቤቱን ሞላው"

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ከረጢት የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከኋላው በላሜራ ሦስት ጎን የተዘጋ ሳጥን ሥሩለት። ሸራ ወይም ፕላስቲክ አይሁን፣ ብየዳ አለ። ይህን በቀላሉ አትዩት፤ የግራይንደር ፍንጣሪ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ለሰዓታት ሊጨስና ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ሊነድ ይችላል። ቤቱ ሳይጠረግ አይበየድ። ከረጢቱም ሞልቶ ውስጥ አይደር።

"ቁራጩ ይወረወራል"

ዲስኩ እየዞረ አንስታችሁታል፣ ወይም ቁራጩ በገደቡና በዲስኩ መሃል ታፍኗል። ገደቡ በያዛችሁት እንጨት በኩል ይሁን፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን ነፃ ይሁን። ማብሪያውን ልቀቁ፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይቁም፣ ከዚያ አንሱ።