የማንቆርቆሪያዬን ነጭ ቅርፊት ያስለቀቀው አቼቶ

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ ውሃ ለማፍላት ጊዜ ይፈጅብኝ ጀመር። ሻዩ ላይም እየተላላጠ ይንሳፈፋል። በሽቦ ብፈትገው ብረቱ ተጫረ እንጂ ቅርፊቱ አልለቀቀም።

መጀመሪያ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ጨመርኩበት። አረፋው ኃይለኛ ነበር፤ ቅርፊቱ ግን እንዳለ ቀረ። ለካ አሲዱ አቼቶና ቤዙ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው) ሶዳ እርስ በርስ ተጠፋፍተዋል! የተረፈኝ ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ነው፤ አረፋውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ራሱ የቤዝ ጠባይ አለው። የሚፈልገው አሲድ ብቻ ነው፣ ሶዳ ምንም አይጨምርለትም።

በማግስቱ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ቅርፊቱን እስኪሸፍን ሞላሁ፤ አሙቄ ሶኬቱን ነቀልኩና 30 ደቂቃ ተውኩት። ከግድግዳው ትንንሽ አረፋ ሲነሳ በዓይን ይታያል፤ የማይሟሟው ካርቦኔት ወደሚሟሟው ካልሲየም አሲቴት እየተለወጠ ነው። ከደፋሁት በኋላ ሁለቴ ንጹህ ውሃ አፍልቼ ስደፋ ሽታውም ጠፋ። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል።

በረኪና ግን አደራ እንዳትቀላቅሉበት፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።