በከተማ ፕላን ፍትሐዊነትን ለሚያስቀድሙ ተማሪዎች የመታሰቢያ ሽልማት እንዴት ይቋቋማል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ መምህር ወይም የከተማ ባለሙያ ሲያርፉ ቅሬው (በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው) ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ጎረቤትም ቤተሰቡን ያጽናናል። ከዚያ በኋላ ቤተሰብና የሥራ ባልደረቦች የሟችን ስም በተማሪ ሽልማት ለማስታወስ ከፈለጉ፣ በቅድሚያ የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል፣ ሟች በሕይወት ሳሉ የተቆረቆሩለትን ጉዳይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይገባል።

«ማኅበራዊ ፍትሐዊነት» ብቻውን ሰፊ በመሆኑ ለተማሪው ተጨባጭ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ስለዚህ «በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያ እንዴት ይደርሳል?» ወይም «መንገድ ሲሰፋ በሰኞ ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠው እናት ወዴት ትሄዳለች?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በኮምቦልቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ተያይዞ የሠራተኞች የኪራይ ቤትና የሌሊት ፈረቃ መጓጓዣ ለዓመቱ ጥያቄ ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። 300,000 ብር ቢሰበሰብና ዋናው ሳይነካ 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ በዓመት 21,000 ብር ይገኛል፤ ሆኖም የኑሮ ውድነት የሽልማቱን ዋጋ እየሸረሸረው ይሄዳል። ወለድ መቀበል የማይፈልጉ ቤተሰቦች በወሎ ብዙ ስለሆኑ፣ ገንዘቡን ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ አስቀምጦ በየዓመቱ 30,000 ብር እየሰጡ በ10 ዓመት መጨረስም የተከበረ አማራጭ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ከባንክ ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ይሁን።

ቀጥሎ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የስምምነት ሰነድ መፈራረም ነው። የከተማ ፕላን ችግር የሚፈታው በፕላን ባለሙያ ብቻ ስላልሆነ፣ ውድድሩ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችም ሆነ በደሴ ግቢ ለሚማሩት ክፍት ቢሆን ይመረጣል። ማስታወቂያው መውጣት ያለበት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ በሚመርጡበት ወቅት ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚወጣ ማስታወቂያ የማንንም አስተሳሰብ አይለውጥም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ዳኝነቱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መስፈርቱም ከዚህ ቢነሳ መልካም ነው። ከ100 ነጥብ 40ው ተማሪው ነዋሪዎችን ስለማነጋገሩና የሰማው ነገር ንድፉን ስለመለወጡ ይሰጥ። 30ው በዕቅዱ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ በግልጽ ላሳየ፣ 20ው በከተማዋ አቅም ሊፈጸም ለሚችል ሐሳብ፣ የቀረው 10 ለአቀራረብ ይሁን። የሥዕሉ ውበት ብዙ ነጥብ ከያዘ፣ ውድ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ማሸነፉ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ ሽልማቱን ከዓላማው ጋር ያጋጨዋል።

ከአምስቱ ዳኞች ሁለቱ ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ አካል ጉዳተኛ ቢሆኑ እመርጣለሁ። የተማሪዎቹ ስም ተሸፍኖ ይቅረብ፤ ዝምድና ወይም የአማካሪነት ግንኙነት ያለው ዳኛ ከዚያ ሥራ ይነሳ። ለመጨረሻ ዙር የደረሱት ሦስት ሥራዎች የሚመለከቷቸውን ቦታዎች ዳኞቹ በእግራቸው ሄደው ይዩ፤ በወረቀት ላይ አጭር መስመር የሆነው መንገድ በደሴ ዳገት ላይ ሌላ ነገር ነውና።

ሽልማቱ ጥናቱ በተካሄደበት ሰፈር ቢሰጥ፣ ተማሪውም ሥራውን ለነዋሪዎቹ በአማርኛ ቢያስረዳ ይመረጣል። የሥራው ቅጂ ለቀበሌውና ለከተማው የፕላን ባለሙያዎች በደብዳቤ ገቢ ይደረግ፤ በዕለቱ ነዋሪዎች የሰጡት አስተያየትም በቃለ ጉባኤ ተይዞ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ከዚያው ይውጣ።